የጾመኛው ወተት ወዴት ይሂድ?



ስለ ጾም ለአሰላ ሰው መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ የወተት ጥርሳችሁ ሳይነቀል ፍልሰታን ጾማችሁ ያደጋችሁ ናችሁ። ጾም ምንድን ነው፣ ማን ሠራው፣ እስከ ስንት ሰዓት ይጾማል የሚለውን የሚያስተምሩ አባቶችም ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ በእነሱ ፊት መምህር ልሁን ብል አያምርብኝም። እኔ ይዤ የመጣሁት አንድ ጥያቄ ነው። ጾመን የተውነው ምግብ ወዴት ይሄዳል?

የገበያ ሰው ጥያቄ ይመስል ይሆናል። ለእኔ ግን የጾም ግማሹ እሱ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ጸሎቱ፣ ስግደቱ፣ አንደበትን መግታቱ፣ በየዐውደ ምሕረቱ ሲሰበክ ኖሯል። ይሄኛው እምብዛም አይነሣም። አርሲ ላይ ደግሞ መነሣት አለበት፤ እኛ ጾም በገባ ቁጥር የምንተወው ከሁሉ በላይ ወተት ነውና። በሬው ሳይታረድ እስከ ፋሲካ ሊቆይ ይችላል፤ ወተት ግን ተው ቢሉት አይቆምም።

ቀኖቹን አንዴ ቆጥረናቸው እንለፍ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ በገና ይፈታል። የሐዋርያት ጾም ከጰራቅሊጦስ ማግስት ጀምሮ እስከ ሐምሌ 5 ይዘልቃል። ፍልሰታ 15 ቀን፣ ነነዌ 3 ቀን፣ ገሃድ፣ በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ካሉት 50 ቀናት በቀር ዓመቱን ሙሉ። ሲደመር ለምእመኑ ከ180 ቀን በላይ ይሆናል፤ ለካህናትና ለመነኮሳት 250 ገደማ ይደርሳል። የዓመቱ እኩሌታ ማለት ነው። ግብፆቹ ካልሆኑ በዚህ የሚስተካከለን ማግኘት ያስቸግራል። የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1966 ሕጓን ስታሻሽል ግዴታ የሆነውን ጾም ወደ ሁለት ቀን አውርዳዋለች። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። እኩሌታ ዓመት የሚጾም ሕዝብ፣ እኩሌታ ዓመት የሚተርፍ ምግብ አለው ለማለት ነው።

የአርሲ መሬት ለጾም ማዕድም አላሳፈረንም። ከሳጉሬ እስከ ቦቆጂ ያለው ደጋ ባቄላና አተር ያበቅላል፤ ዝቅ ሲል ስንዴ፣ ከፍ ሲል ገብስ፣ በየመሀሉ ተልባ። ሽሮው፣ ክኩ፣ ስልጆው፣ የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ሳይቀር ከደጃችን የሚወጣ ነው። ዳንኤልና ጓደኞቹ የንጉሡን ማዕድ ትተው፣ ጥራጥሬ በልተው፣ ፊታቸው ወዝቶ ተገኘ የሚለውን ታሪክ ለአርሲ ደገኛ ማስረዳት አያስቸግርም። (የዝዋይ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ዛሬ አልነካውም፤ ከነካሁት ከዚህ አዳራሽ እኩለ ሌሊትም አንወጣም።)

ይሁንና ጾም ለሁሉም እኩል አይከብድም። ዓመቱን ሙሉ ሽሮ ለሚበላ ሰው ሁዳዴ ገባ ማለት ሰዓቱ ረዘመ ማለት ብቻ ነው። የሚከብደው ላለው ሰው ነው። ገብስ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በንጥር ቅቤ ታሽቶ የሚበላበት አገር፣ የጭኮ አገር፣ ያንኑ ገብስ በውሃ በጥብጦ በሶ ጠጥቶ ሲውል፣ ያኔ አንድ ነገር ተትቷል።

ጠዋት በረት የምትገባን የአንዲት እናት ሥራ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጮጮውን አጥባ በወይራ ታጥነዋለች። ጥጃውን ትንሽ አስጠብታ፣ ከጎን አስራ፣ ታልባለች። ሁዳዴም ሆነ ፍስክ ሥራው ያው ነው። ወተቱ በቅል ይጠራቀማል፣ ይረጋል፣ ይናጣል። ቅቤው መውጣት አለመውጣቱን በቅሉ ድምፅ ታውቃለች፤ አሬራው ምን ያህል እንደ ኮመጠጠ በማሽተት ትለያለች። በፍስክ ቀን ቢሆን ጣቷን ትልስ ነበር። በጾም ግን ጠረግ አድርጋ ቅሉን ትከድናለች። 55 ቀን ሙሉ በየጠዋቱ ወተት ስትነካ ትውላለች፤ አንድ ጊዜም አትቀምሰውም። እኔ ከተማ ተቀምጬ ሥጋ ቤቱ ስለ ተዘጋ የምጾመው ጾም ከእሷ ጾም አጠገብ ሲቆም ያሳፍረኛል።

ስለ ጾም ክብደት እንዲህ ስል ታሪካችን ውስጥ ያለ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ እ.ኤ.አ. በ1520 መጥቶ ስድስት ዓመት በአገራችን ተቀምጧል። ያየውን በጻፈበት መጽሐፍ የሐበሻ ጾም ጽናት እንዳስደነቀው ይናገራል፤ በዚያው መጽሐፉ ግን ጎን ለጎን የጻፈው ሌላ ወሬ አለ። የአዳሉ የጦር አለቃ ማሕፉዝ ወረራውን የሚያደርገው በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ነበር ይላል፤ ሰዉ በጾም ደክሞ፣ ጉልበቱ ዝሎ ሲያገኘው። ከተወረሩት አገሮች አንዱ ከእኛ በስተ ሰሜን፣ በአዋሽ አካባቢ የነበረው ፈጠጋር ነው። እንግዲህ ከ500 ዓመት በፊት ጎረቤት የጎረቤቱን የጾም ቀን አብጠርጥሮ ያውቅ ነበር፤ የሚያውቀው ግን ለጦር ነበር።

ዛሬም ጎረቤቶቻችን የጾማችንን ቀን ያውቁታል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከአሰላ ሕዝብ ሁለት ሦስተኛው ያህል ኦርቶዶክስ ነው፤ ከሙስሊሙ ጎረቤቱ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ይኖራል። ከከተማው ወጣ ሲባል ደግሞ በዞኑ ሙስሊሙ ይበዛል። ቤተ ክርስቲያኖቻችን አብዛኞቹ አርሲ በ1870ዎቹ መጨረሻ በምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ የተተከሉ ናቸው፤ አመጣጡ ሁሉንም ደስ ያሰኘ አልነበረም፤ ቁስሉም ዛሬ ድረስ የሚነካካ አለ። በቅርብ ዓመታትም በዚህ ዞን በሃይማኖቱ ምክንያት ደሙ የፈሰሰ ወገን አለን። ይህን ሸፋፍኜ ማለፍ አልፈልግም።

ሆኖም ጾም በመካከላችን አንድ ያልተዘመረለት ሥራ ይሠራል። እንደምታውቁት ክርስቲያኑ ሙስሊሙ የባረከውን ሥጋ አይበላም፤ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን አይበላም። ሠርግ ቢሆን ሁለት ድንኳን፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት አራጅ ነው። ፋሲካ ሲሆን ጎረቤትህን ቤትህ ጠርተህ ከዶሮው ወጥ አታጎርሰውም። ረቡዕና ዓርብ ግን፣ ሁዳዴም ፍልሰታም፣ ትሪው አንድ ነው። ሽሮ የማን ነው የሚል የለም። እኛ በራሳችን ላይ የከለከልነው ሥጋ ሲነሣ፣ በመካከላችን የነበረው አጥርም አብሮ ይነሣል። ይህን ማንም ሊቅ አስቦ የሠራው አይመስለኝም፤ ግን ሆኗል።

መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. የነበረውን አስታውሱ። ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሰኞ ገቡ። ጠዋት አሰላ ላይ ቁርስ የሚበላ ሰው ጠፍቶ ነበር ብል ማጋነን ነው፤ ሻይ ቤቶቹ ግን ጭር ማለታቸው አይቀርም። የዚያን ቀን ማታ የእኛ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ሽሮውን ሲበላ፣ ሙስሊሙ ጎረቤቱ ጀንበር ስትጠልቅ ጾሙን በተምርና በወተት ፈታ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ እኛ የማንጠጣው ወተት ለእሱ የማፍጠሪያ ወተት ነው። ያንዱ ጾም ያስተረፈውን የሌላው ጾም ይፈልገዋል።

ከዚህ ወደ ቅዱስ መጽሐፉ ልመለስ። ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ ሕዝቡ እንደሚያጉረመርም ታስታውሳላችሁ፤ ጾምን፣ ሰውነታችንን አዋረድን፣ ስለ ምን አልታየልንም ይላል። የተሰጠው መልስ የጸሎት ሰዓት ጨምሩ የሚል አይደለም። የታሰረውን ስለ መፍታት፣ እንጀራን ለተራበ ስለ መቁረስ፣ ቤት የሌለውን ስለ ማስጠጋት ነው። ይህ ምዕራፍ ብዙ ጊዜ እንደ ምክር ይነበባል፤ ጾም ካላችሁ በተጨማሪ ምጽዋትም ስጡ የሚል ይመስል። እኔ ደጋግሜ ሳነበው የማገኘው ግን ሌላ ነው፤ መስጠቱ ራሱ ጾሙ ነው ይላል።

ይህን ከሁሉ አጥርቶ የተናገረ አንድ አሮጌ መጽሐፍ አለ፤ በ2ኛው መቶ ዓመት ሮም ላይ የተጻፈው የሄርማስ «እረኛው»። የእኛ አባቶች ከግሪክ ወደ ግእዝ መልሰውታል። አንቷን ዳባዲ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1847 የግእዙን ቅጂ በትግራይ ጉንዳ ጉንዴ ገዳም አግኝቶ በኋላ በአውሮፓ አሳትሞታል። መጽሐፉ ስለ ጾም ሲናገር ሒሳብ ያስይዛል። በጾምህ ቀን እንጀራና ውሃ ብቻ ቅመስ፤ ከዚያ ያን ቀን ልትበላ የነበረውን ምግብ ዋጋውን አስላ፤ ያን ዋጋ ለመበለት ወይም ለወላጅ አልባ ወይም ለተቸገረ ስጥ የሚል ሐሳብ ነው። ስሌቱ ከሌለ ጾሙ አልተፈጸመም ማለት ይመስላል። አያቶቻችን ይህን ገልብጠው ያኖሩልን በዋዛ አይደለም።

በሄርማስ ሒሳብ እንሂድና የአሰላን ላም እናስላ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከስዊድን መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ እኛ ካዱ የምንለው፣ አሰላን ማዕከል አድርጎ ተቋቋመ። የቁሉምሳ ስንዴ ዝናው እንደ ወጣ ሁሉ፣ የካዱ ድቅል ጊደሮችም በየገበሬው በረት ገቡ። የአገራችን ላም በቀን አንድ ሁለት ሊትር ትሰጣለች፤ ድቅሏ፣ ሰዉ ፈረንጅ ላም የሚላት፣ በደንብ ከተያዘች የዚያን እጥፍ ድርብ ትሰጣለች። ስምንት ሊትር እንያዝላት። 8 በ55 ሲባዛ 440 ሊትር ነው። አንዲት ላም፣ አንድ ሁዳዴ።

እሷን ደግሞ ጹሚ ማለት አይቻልም። በቀን ሁለት ጊዜ ካልታለበች ጡቷ ይታመማል። ከብት ሲጾም የምናውቀው በነነዌ ብቻ ነው፤ የዮናስን ስብከት የሰማው ንጉሥ ሰውም እንስሳም እንዳይቀምስ ብሎ አዋጅ አስነገረ። የጭላሎ ተራራ ሥር ላሞች አዋጁ አልደረሳቸውም።

እና ወተቱ ወዴት ይሄዳል? ይናጣል። አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት ከ15 እስከ 20 ሊትር ወተት ይፈልጋል፤ ቅቤው ተነጥሮ ለፋሲካ ይቀመጣል፤ በስቅለት ሳምንት ዋጋው ሰማይ ይነካል። ይህ ብልሃት ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን የማስቀመጥ አቅም ያለው ሰው ብልሃት ነው። ነገ ለመኖ፣ ነገ ለልጅ ደብተር የሚያስፈልጋት እናት ወተቷን በዕለቱ መሸጥ አለባት፤ ገዢው ጠፍቷል፣ ዋጋው ወርዷል፣ ፉርሽካው ግን ጾም አያውቅም፣ አይረክስም። እኛ በነጻ የጾምን እየመሰለን የጾማችንን ዋጋ የምትከፍለው እሷ ናት።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልግባ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ፣ የቀነጨሩ ናቸው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ድህነቱ፣ ውሃው፣ በሽታው። ለጾም አልሰጠውም። ነገር ግን በየቤቱ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ጹም አላለችም። ነፍሰ ጡርንና የምታጠባን፣ የታመመንም፣ የንስሐ አባት ያሰናብታቸዋል። ሕፃኑ ግን ይጾማል። ማን አስጾመው? ድስቱ።

ቤት ውስጥ ያለው አንድ ድስት ነው፣ አንድ ጭልፋ ነው። ወተት ከተፈላበት ድስቱ ፍስክ ሆነ፤ ለአባወራው ሽሮ አይሠራበትም። ሁለተኛ ድስት መግዣ የለም። ስለዚህ እናትየው ሳትወስን፣ ማንም ሳይወስን፣ የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ 55 ቀን ሽሮ በእንጀራ ሲበላ ይከርማል፤ ወተቱ በዚያው ቤት በቅል ውስጥ እየረጋ። እዚህ ላሉት አባቶች ካህናት አንድ ልመና አለኝ። በቅበላ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ ሲነገር፣ የልጁ ድስት ጾም አያስገድፍም ብላችሁ አንዲት ቃል ጨምሩልን። እናትየው ከጤና ባለሙያ አሥር ጊዜ ከምትሰማው ከእናንተ አንዴ ብትሰማው ይበልጣል።

ከተሜውን ሳልነካ ብሄድ ደግሞ አድልዎ ይሆናል። ጾማችን እየተመቸ መጥቷል። የጾም ኬክ አለ፣ የጾም በርገር አለ፣ አዲስ አበባ ላይ የጾም ማኪያቶ ይታዘዛል። ስምንት ዓይነት ወጥ በዘይት ተንቆጥቁጦ የሚቀርብበት የበያይነቱ ትሪ፣ ከአንድ ገበሬ የፍስክ ምሳ ይወደዳል። አላወግዘውም፤ እኔም እበላዋለሁ። ሄርማስ ቢመጣ ግን ሒሳቡን እንዴት ያደርገዋል? የተረፈ ነገር የለምኮ! ገንዘቡ ከሥጋ ቤት ወጥቶ ዘይት ነጋዴ ጋ ገባ እንጂ ወደ መበለቷ አልዞረም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የማስበውን ልንገራችሁ፤ አባቶች ያርሙኝ። እያንዳንዱ ደብር ሰበካ ጉባኤ አለው፣ ሰንበት ትምህርት ቤት አለው፣ ሰፈሩም ዕድር አለው። ጾም ሲገባ ቤተሰቡ በፍስክ ለወተትና ለሥጋ ያወጣ የነበረውን ያስላና ከዚያ የቻለውን በሙዳየ ምጽዋት ያስገባ። በዚያ ገንዘብ ወተት ከገበሬዎቹ እናቶች በፍስኩ ዋጋ ይገዛ፤ በወረደው አይደለም። ከዚያ ለማይጾሙት ይከፋፈል፤ በሆስፒታል ለተኙት፣ ለሚያጠቡት፣ ለደካማ ሽማግሌዎች፣ ለሕፃናቱ። ሃይማኖቱ አይጠየቅም። ወተት ስለሚበላሽ ነገሩ ጥድፊያ ይፈልጋል፤ ጠዋት የታለበው ረፋድ ላይ ተፈልቶ መድረስ አለበት። የሰንበት ተማሪዎች ጉልበት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ይህን ሐሳብ ለአንዳንድ ሰዎች ስናገር ሁለት መቃወሚያ ሰምቻለሁ። አንደኛው፣ ቀኝ የምትሰጠውን ግራ አትወቀው ተብሏልና ምጽዋትን በኮሚቴ ማድረግ አይገባም የሚል ነው። ቁም ነገር አለበት፤ ስለዚህ ስም አይመዝገብ፣ በድምፅ ማጉያም አይጠራ። ሁለተኛው፣ በሁዳዴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ወተት ተሸክሞ ሲዞር ያስነቅፋል የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጡት ቅል የሚንጡት እናቶች ናቸው። ወተት መንካት ቢያስገድፍ ኖሮ በአርሲ ደጋ አንዲት ሴት ጾመኛ አትገኝም ነበር።

ከየት ይጀመር ካላችሁኝ ከሁዳዴ አልጀምርም፤ ረጅም ነው፣ በበጋም ሣሩ ደርቆ ወተቱ ይቀንሳል። ፍልሰታ ይሻላል። 15 ቀን ብቻ ነው። ነሐሴ ላይ ሣሩ ለምልሞ ወተቱ ሞልቶ ይገኛል፣ በአንጻሩ የደሃው ገበሬ ጎተራ የሚራቆተው ያኔ ነው፤ የዓምናው እህል አልቋል፣ የዘንድሮው አልደረሰም። ልጆቹም ለቁርባን በየቤተ ክርስቲያኑ የሚሰበሰቡበት ወቅት ስለሆነ ማን እንደ ከሳ፣ ማን ከየት ቤት እንደ መጣ ለማየት አያስቸግርም። አንድ ደብር፣ አሥር ላም፣ 15 ቀን ተሞክሮ ውጤቱ ይታይ።

እኔ እዚህ ላይ ልብቃ። ጥያቄም ተቃውሞም ያለው ይናገር፤ ግን ቅድሚያውን ከበስተኋላ ለተቀመጡት ወተት ሻጮች እናቶች ስጡልኝ፤ በነሐሴ አንድ ሊትር ስንት እንደሚያወጣና ጠዋት በስንት ሰዓት ከተማ እንደሚደርስ ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።